ለንጉሡ እግር የታረደ በሬ

የንጉሥ ልጅ ባል ነበረኝ። ሳቁ እንጂ፣ ምን ታፍራላችሁ? እኔም ስስቅበት ነው የኖርኩት። እዚህ የሰው ዓሣ ስሰነጥቅ፣ እጄ በጨው ሲላጥ የምታዩኝ እኔ አልቪልድ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከኖርዌይ ንጉሥ ልጅ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ስጓተት ኖሬአለሁ። ብርድ ልብሱንም ሁልጊዜ የሚወስደው እሱ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በነፋስ ነው። ንጉሡ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ጎረምሳ ሳለ መርከቦቹን ይዞ ወደ ሰሜን ሲያልፍ ነፋስ ዞረበትና እኛ ወሽመጥ ውስጥ አራት ቀን ታሰረ። አራት ቀን ሥራ የፈታ ጎረምሳ ምን እንደሚሠራ እናንተም አይጠፋችሁም። በዘጠነኛው ወር አማቴ ጉንቮር ኦርምን ወለደች። ንጉሡ ሲሄድ ትቶላት የሄደው አንድ የነሐስ የቀበቶ ዘለበት ነው። ዘለበት! እሷ እቴ፣ ዙፋን የተወላት ይመስል በየእሑዱ በአመድ እያሸች ስታብለጨልጨው ኖረች።

ልጇንም እንደ ሰው ልጅ አላሳደገችውም። ፍግ እንዳይዝቅ፣ መረብ እንዳይጎትት፣ መቅዘፊያ እንዳይዝ ከለከለችው። እኩዮቹ በረዶ ውስጥ እንጨት ሲሸከሙ እሱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ወሽመጡን ያያል። «ምን ታያለህ?» ሲሉት «አባቴን» ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ልዑል ብሎ ስም አወጣለት። «ልዑል ሆይ፣ ንፍጥዎን ይጥረጉ!» እያሉ ነበር የሚያልፉት። እሱ ደግሞ ይጠርግና «አመሰግናለሁ» ይላቸው ነበር።

ሕጉን ታውቁታላችሁ። ዲቃላ ወራሽ የሚሆነው በጫማ ነው። ልጁ ባደገበት ቤት የተወለደ፣ ድፍን ሦስት ዓመት የሞላው በሬ ይታረዳል። ከቀኝ የፊት እግሩ ቆዳ ተገፎ አንድ ጫማ ይሰፋና ከድግሱ ጠላ በርሜል ሥር ይቀመጣል። አባት ቀኝ እግሩን አስገብቶ ያወጣል፣ ልጅ ተከትሎ ያስገባል፣ በቃ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁ እንደ ማንም የሕግ ልጅ ይወርሳል። በሬው ከሦስት ዓመት ካነሰ ግን፣ ወይም አራቱን ከደፈነ፣ እንዲሁ ሥጋ ብቻ ነው።

እና ኦርም በሕይወቱ የሚያውቀው አንድ ሥራ በሬ ማሳደግ ሆነ። በየዓመቱ አንድ ግራጫ ወይፈን ይይዛል። አንዱ አንድ ዓመት፣ አንዱ ሁለት፣ አንዱ ሦስት። ንጉሡ ድንገት ብቅ ቢል ሦስት የሞላው በሬ እንዳይጠፋ ነው እንግዲህ! ቀንበር አያስነካቸውም። እኛ መሬቱን በዶማ እየቆፈርን፣ የንጉሡ በሬ ጥላ ሥር ተኝቶ ያመሰኳል። አራት ዓመት የደፈነ እንደሆነ ኦርም ከበረቱ ጀርባ ሄዶ ያለቅሳል፣ እኛ ደግሞ እንበላዋለን። እውነቱን ልናገርና ሥጋው ግሩም ነበር።

አንድ ጊዜ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው፣ እናቱ ዘለበቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥላ ወደ ንጉሡ ከተማ ላከችው። በር ላይ አሥራ አንድ ቀን ቆመ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዘበኛው አዘነለትና፣ «አንተስ የየትኛው ወደብ ነህ?» አለው።

«የምን ወደብ?»

«እናትህ የነበረችበት ነዋ! በዚህ ሳምንት ስድስተኛው አንተ ነህ። ሂድ ወንድሜ፣ ብርድ ይመታሃል።»

ቅማል ይዞ ተመለሰ። እኔ ያኔ ጉንቮር ቤት ላም ለማለብ የተቀጠርኩ ኮረዳ ነበርኩ፤ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። እናቱ «እህ፣ ምን አሉህ?» አለችው። እሱ ምን ብሎ ቢመልስላት ጥሩ ነው? «ዘበኛው ወንድሜ አለኝ!» የያዝኩት ወተት እስኪደፋ ሳቅሁ።

ታዲያ ምን አግኝቶሽ ገባሽበት ትሉኛላችሁ። መልከ መልካም ነበር፣ ይህን አልክድም። ሥራ ያልነካው እጅ ደግሞ ለስላሳ ነው። በዓመቱ ስቴይናርን ወለድኩ። አግባኝ አልኩት። «የንጉሥ ልጅ የሚያገባው የባላባት ልጅ ነው። አባቴ ሲቀበለኝ አላቢ አግብቼ ቢያገኘኝ ምን ይለኛል?» አለኝ። እንዲህ ሲለኝ የእኔኑ ገንፎ እየበላ ነው፣ የሰው ፊት አይቶ የማያፍር! እኔም እንደ እናቱ ዲቃላ ታቅፌ ቀረሁ፤ እኔማ ዘለበት እንኳ አላገኘሁም።

ጉንቮር ስትሞት የእርሻው ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። መሬቱ የእሷ ነበር፣ ለኦርም አለፈ። ከኦርም ወዲያ የሕግ ልጅ ስለሌለ ለወንድሟ ልጅ ለኮልበይን ነው። ኮልበይን ከወንዙ ማዶ የሚኖር፣ በአጥራችን ባለፈ ቁጥር ችንካሩን እየነቀነቀ ጥንካሬውን የሚፈትን ሰው ነበር። እኔና ልጄ ኦርም ዓይኑን በጨፈነ ማግስት ሜዳ ላይ ነን። መድኃኒቱ ደግሞ በረታችን ውስጥ ቆሞ ያመሰኳል!

«አንተ ሰው፣ ይሄን በሬ ለልጅህ እረድለት» እለዋለሁ። «እግርህን አስገባ፣ እሱም ያስገባ፣ እንገላገል።»

«መጀመሪያ እኔ የንጉሥ ልጅ ልሁን፣ ያኔ እሱም የንጉሥ የልጅ ልጅ ይሆናል። አሁን ካስገባሁት የገበሬ ልጅ ሆኖ ይቀራል።»

«ገበሬ እኮ ነህ!»

«ለጊዜው ነው» ይላል።

ለጊዜው! ሃያ ዓመት ሙሉ ለጊዜው። ስለምነው፣ ስሰድበው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ። ስቴይናርን በስሙ እንኳ አይጠራውም፣ «አንተ» ነው የሚለው። ልጁ ግን ዝምተኛ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፤ በማን እንደወጣ እንጃ።

ከዚያ ያ ክፉ ክረምት መጣ። ክረምቱ ሳይጋመስ ድርቆሹ አለቀ። በጎቹ የዛፍ ልጣጭ በሉ። አንድና ሁለት ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡትን ወይፈኖች አረድናቸው። ሦስተኛውን ግን፣ በጸደይ ሦስት ዓመት የሚሞላውን፣ ኦርም በሩ ላይ ተጋድሞ «በእኔ ላይ ተራምዳችሁ እለፉ» አለን። ስለዚህ እኔና ስቴይናር በሬውን ስናበላ ከረምን። ከባሕር ዳር የባሕር ሣር በበረዶ መሀል እየነቀልን፣ የዓሣ ጭንቅላት እየቀቀልን። ስቴይናር ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ጣቱ ተሰነጣጥቆ ይደማ ነበር። በጸደይ ከሞት የተረፈች አንዲት ላም ወለደች፣ ግራጫ ወንድ ጥጃ። በረቱ ውስጥ የቀሩት ወንድ ከብቶች እንግዲህ ትልቁ በሬና ይህ ጥጃ ብቻ ናቸው።

በዚያው በጋ ነፋስ ዞረ፣ ንጉሡም መጣ።

ጉድ እኮ ነው! አርባ ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ያው ወሽመጥ፣ ያው ነፋስ። ከመርከቡ የወረደው ግን እግሩ ያበጠ፣ በሁለት ሰው የሚደገፍ ሽማግሌ ነው። ኦርም ሊያብድ ደረሰ። ያለንን ገብስ ሁሉ ቀድሞ ጠምቆት ነበር፣ በሬውን ራሱ አረደው፣ የንጉሡን ሰዎች ጋበዘ። ጎረቤቱም ሁሉ ተግተልትሎ መጣ፣ ኮልበይን ከፊት። ሕግ ተናጋሪው፣ የአገሩን ሕግ በቃሉ የያዘው ሽማግሌ ቶራልድም ተጠርቶ መጣ። ንጉሡ እጁን በጮማ አርሶ ኦርምን ከላይ እስከ ታች አየው።

«እናትህ ማን ነበረች?»

«ጉንቮር፣ ንጉሥ ሆይ።»

«የትኛዋ?»

«ያቺ... ነፋሱ ሲዞርብዎት...»

«ነፋስ ስንቴ ዞሮብኛል!» አለና ሰዎቹ ሳቁ። ኦርም ዘለበቱን አወጣ። ንጉሡ ያን ሲያይ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ዘለበቴ! አንተ፣ ሱሪዬን በገመድ አስሬ ነው እኮ ከዚህ የሄድኩት!» ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ጠቆር አለ። ሁለቱ ልጆቹ በዚያ ዓመት ጦርነት ላይ ወድቀው ነበር። «እንግዲህ የቀረኝ የለም» አለ። «ይሁን። ጫማውን አምጡት።»

ጫማው ተሰፍቶ፣ ደሙ ገና ሳይደርቅ ከበርሜሉ ሥር ተቀምጧል። ኦርም ወደ መርከቡ አለቃ ዞረና «እኔ የምቀመጠው በየት በኩል ነው?» አለው። የምቀመጠው። ወደ እኔ አላየም። ወደ ልጁ አላየም። አሁን ይሄ ሰው ሊሄድ ነው አልኩ። ሄዶ የባላባት ልጅ ያገባል፣ መሬቱን ለኮልበይን ይጥልለታል፣ እኛን ረስቶን ያድራል። ሃያ ሦስት ዓመት አብልቼው!

ንጉሡ ካልሲውን እያስወለቀ ሳለ ቶራልድ በትሩን አነሣ። «ይቆዩ። በሬው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሦስት!» አለ ኦርም። «ድፍን ሦስት!»

«አንተ ዝም በል። ለገዛ ጉዳዩ የሚመሰክር የለም። መንጋጋውን አምጡ፣ ጥርሱን ልየው።»

መንጋጋውን ግን የንጉሡ ውሾች ከጠረጴዛው ሥር ቆርጥመው ጨርሰውታል። ጎረቤቱ ደግሞ የኦርም በሬዎች ሁሉ ግራጫ ስለሆኑ የዘንድሮውን ካምናው አይለይም። «እንግዲያው ያበላው ይመስክር» አለ ቶራልድ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ተጠራሁ። እርጥቡ ቆዳ ላይ እጄን አስጭነው አስማሉኝ።

«አራት» አልኩ። «አምና ነው ሦስት የሞላው።»

«አልቪልድ!» አለ ኦርም።

«ሌላ ያበላው ሰው አለ?» ቶራልድ ጠየቀ። ስቴይናር ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። እኔን አየኝ። ከዚያ «እናቴ ናት የምታውቀው» አለ።

ለንጉሡ ካልሲውን መልሰው አጠለቁለት። «ያሳዝናል» አለ፤ «ሥጋው ግን ለስላሳ ነበር።» ነፋሱም ተስተካክሎ ስለነበር ላም ሳይታለብ ሄደ። ዘለበቱንም ይዞ ሄደ፣ ስግብግብ!

ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ለራሴ ጠላ ቀዳሁ። እንግዲህ ሰውዬው የእኔ ነው፣ ገበሬ ነው፣ አለቀ ደቀቀ አልኩ። ጎረቤቱ በርሜሉን ሳይጨርስ አይነሣም፣ ተቀምጦ ይጠጣል። ኦርም ከበርሜሉ ሥር፣ ከዚያ ጫማ አጠገብ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። «ልዑል ሆይ፣ ጀልባው አመለጠዎት!» አለው አንዱ። ሁሉም አሽካካ።

ድንገት ተነሣ። የቀኝ እግሩን ጫማ አወለቀ።

«ስቴይናር» አለ። «ና ልጄ።»

ልጄ ሲለው በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ልጁ ቀስ ብሎ መጣ። ኦርም ወደ ሰዉ ዞረ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እግር ጠበቅሁ» አለ። «ለካ እኔም እግር አለኝ። የገበሬ ልጅ ይሁን፣ ሜዳ ላይ አይውደቅብኝ። ምስክሮች ናችሁ።» እግሩን አነሣ። ነጭ፣ ቀጭን፣ ሥራ ያልነካው እግር። ወደ ጫማው ሊያስገባ ሲል፣

«ኦርም፣ እግርህን መልስ» አለ ቶራልድ።

«ለምን?»

«በሬው አራት ዓመቱ ነዋ። አሁን አልቪልድ እጇን ጭና መሰከረች።»

ኮልበይን ጠላው በአፍንጫው እስኪወጣ ሳቀ። ኦርም በአንድ እግሩ እንደቆመ ወደ እኔ ዞረ።

«አልቪልድ። ስንት ዓመቱ ነው?»

ሦስት ብል፣ ንጉሡን በሐሰት የከለከልኩ እኔ ነኝ። ቆዳ ይዞ የዋሸ ከአገር ይባረራል፣ ያገኘው ይገድለዋል። የንጉሡ ሸራ ደግሞ ከወሽመጡ አፍ ላይ ገና ይታያል። ልጄ አጠገቤ ቆሟል።

«አራት» አልኩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

«እሺ» አለ። ብቻ እሺ። የራሱን ጫማ መልሶ ለማጥለቅ በአንድ እግሩ እየዘለለ ሲታገል፣ ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር።

በማግስቱ መንሽ ይዞ በረት ገባ። ፍግ ዛቀ! አርባ ሁለት ዓመት ፍግ ያልነካ ሰው። ያንን በጸደይ የተወለደ ጥጃ ራሱ ማጠጣት፣ ራሱ ማብላት ጀመረ። «ይሄ የስቴይናር ነው» አለ። በዚያው ወር ቄሱ ዘንድ ወስዶ አገባኝ፤ ለእኔ መሬት አያወርሰኝም፣ ለልጁም አይጠቅመውም፣ ከጋብቻ በፊት የተወለደ ነው። ሄዶ መረብ መጎተት ለመደ፣ መጥፎ ጎታች ነበር፣ ከሁለት ጣቱ ጥፍር ነቀለ። እኔም መቼስ አመሌ ነው፣ «ልዑል ሆይ፣ ፍግ ፍግ ይሸታሉ» እለዋለሁ። ይስቃል። ያን ቀን ለምን አራት እንዳልኩ ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ስድቤም እንደ ድሮው አይጣፍጠኝም ነበር።

በሦስተኛው ክረምት ሳል ያዘው። ከጥጃው ጋር እየተኛ፣ ይበርደዋል እያለ ቀሚሴን እንኳ ያለብሰው ነበር፣ ጅል። በጾሙ ወራት ከአልጋ ዋለ። አንድ ቀን ጠዋት ገንፎ ሳበላው እጄን ያዘኝ።

«ስንት ሆነው?»

«ሁለት ዓመት ከአሥር ወር።»

ትንሽ ተኛ መሰለኝ። ከዚያ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ቶራልድን አስጠሪና ሦስት በይው» አለኝ። «መዋሸቱን እንደሆነ ታውቂበታለሽ።»

ሳይቆጣ ነው ያለኝ። ቢቆጣ በተሻለኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቶራልድን ጠራሁት፣ ሦስት ነው አልኩት። ምን ያደርጋል፣ ኮልበይን ከዚያ ድግስ ማግስት ጥጃው የተወለደበትን ወር በበረቱ መቃን ላይ በምልክት ቆርጦ፣ ሁለት ሰው አቁሞ ያስመሰከረ ጉድ ነው። ቶራልድ ምልክቱን አየ፣ እኔን አየ፣ አንገቱን ነቅንቆ ወጣ። ኦርም በሦስተኛው ቀን ሞተ። የንጉሡ ልጅ የተቀበረው ከአላቢዎችና ከቀዛፊዎች መሀል ነው። ያውም በእኔ ቀሚስ፤ የእሱን ልብስ ጥጃው በልቶት ነበር።

ኮልበይን ሳምንት አልቆየም። እኔና ስቴይናር አንድ ድስትና ሁለት ብርድ ልብስ ይዘን ስንወጣ፣ እሱ ግራጫው በሬ ላይ ቀንበር እየጫነ ነበር። ስቴይናር መለስ ብሎ የበሬውን ግንባር አሻሸና ወጣን።

ይኸው አሁን ልጄ በሰው ጀልባ ቀዛፊ ነው፣ እኔም የሰው ዓሣ እሰነጥቃለሁ። ማታ ማታ ይመጣል፣ እንጨት ይፈልጥልኛል፣ እጄን ቅባት ይቀባልኛል። ስለዚያ በሬ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። እኔም አፌን ከፍቼ አልነገርኩትም። ምን እነግረዋለሁ? ያን ክረምት የባሕር ሣር ከእኔ ጋር የነቀለው እሱ ነው፣ እስከ ሦስት መቁጠርም ያውቃል።